ቺንጋው ሲያፏጭ፣ መሪው ሲከብድ
የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ክረምት ሲገባ ለዚህ ዓምድ የሚደርሱን ጥያቄዎች ይቀየራሉ። በበጋ ራዲያተር ያሳሰበው ሰው ሐምሌ ላይ ስለ ቺንጋ (ሞተሩ ላይ ያሉትን ፓምፖች የሚያዞረው የጎማ ቀበቶ) ፉጨት ይጽፋል። በዚህ እትም ከአዲስ አበባ መሀል ከተማ የደረሱንን ስድስት ጥያቄዎች መርጠናል፤ ሁሉም ዕድሜ የጠገቡ መኪኖችን የሚመለከቱ ናቸው። ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ አሮጌ መኪናን ተንከባክቦ መያዝ የግድ ሆኗል፤ ያለጥፋቱ የሚቀየር የመሪ ፓምፕም (በዘይት ግፊት መሪውን የሚያቀለው) ኪስ ይጎዳል።

ጥያቄ፦ መኪናዬ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1998 የተሠራች ኮሮላ ናት። ጠዋት ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ ፒያሳ ዳገቱን ስወጣ፣ በተለይ ዘንቦ ካደረ፣ ታፏጫለች። ለማቆም መሪውን ጥግ ድረስ ስጠመዝዝ ደግሞ መንገደኛው ሁሉ ዞሮ ያየኛል። ጋራዥ ሁለት ጊዜ ቺንጋውን ወጥረውልኝ፣ ሳምንት ዝም ብላ እንደገና ጀመራት። አሁን «ፓምፑ አልቋል፣ ሶማሌ ተራ ሄደህ ሌላ ግዛ» ተብያለሁ። ልግዛ?

መልስ፦ ገና አይግዙ። ያለቀ ፓምፕ ያጉረመርማል እንጂ አያፏጭም። ጆሮ የሚበሳው ፉጨት የሚመጣው ከሚንሸራተት ቺንጋ ነው። መሪው ጥግ ሲደርስ ፓምፑ የመጨረሻ ግፊቱ ላይ ይሆናል፤ በዚያች ቅጽበት እሱን ለማዞር ብዙ ጉልበት ስለሚያስፈልግ ቺንጋው ፑሌጃው (የሚዞርበት ክብ ብረት) ላይ መንሸራተት ይጀምራል። እርጥበት ደግሞ ያባብሰዋል።

ሁለት ጊዜ ተወጥሮ መመለሱ ግን ጉዳዩ መላላት ብቻ እንዳልሆነ ይጠቁማል። ሞተሩን ያጥፉ፣ ቁልፉን ኪስዎ ይክተቱ፣ ከዚያ ቺንጋውን በእጅዎ ጠምዘዝ አድርገው የውስጥ ፊቱን ይዩት። እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ከሆነ ጎማው በመንሸራተት ተቃጥሏል፤ የፈለገውን ያህል ቢወጠር አይዝም። የድሮው ዓይነት የቺንጋ ጎማ ሲያረጅ በአግድም ይሰነጣጠቃል። ኢፒዲኤም የሚባለው አዲሱ ዓይነት ግን ሳይሰነጠቅ ነው የሚያልቀው፦ በውስጥ ፊቱ ላይ ባሉት ረጃጅም መስመሮች መካከል ያለው ጎድጓዳ ቀስ እያለ ይሰፋና ቺንጋው ፑሌጃው ውስጥ ጠልቆ ይቀመጣል። «ስንጥቅ የለውም፣ ገና ነው» የሚለው ፍርድ ብዙ ሰው የሚያሳስተው ለዚህ ነው። ከአዲስ ቺንጋ ጋር ጎን ለጎን ሲይዙት ልዩነቱ ወዲያው ይታያል።

ቀጥሎ ዘይት ይፈልጉ። ቺንጋውን በጣትዎ ሲያሹት ከተንሸራተተ ወይም ጠርዙ አብጦ ከለሰለሰ፣ ከላይ ዘይት እየወረደበት ነው። ምንጩ የፓምፑ ኦይል ሲል (ዘይት የሚያግደው የጎማ ቀለበት)፣ የቫልቭ ሽፋኑ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ወይም የክራንኩ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) የፊት ኦይል ሲል ሊሆን ይችላል። ምንጩን ሳይዘጉ አዲስ ቺንጋ መግጠም ገንዘብ መጣል ነው። ዘይት የጠጣን ቺንጋ በቤንዚን ወይም በነጭ ጋዝ ማጠብም አያድነውም፤ ጎማውን ይበላዋል። ሳሙና ማሸትም እንዲሁ፦ ለአንድ ቀን ዝም ያሰኘዋል፣ ከዚያ አቧራ ሰብስቦ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ፑሌጃውን ይፍቃል።

ሲገዙ ቺንጋው ጀርባ ላይ ያለውን ቁጥር ይዘው ይሂዱ። «4ፒኬ890» የሚል ከሆነ ባለ 4 መስመር፣ ርዝመቱ 890 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ባለ ቪ ቅርጹ ላይ ደግሞ «13×950» የመሰለ ጽሑፍ ያገኛሉ፤ የመጀመሪያው ወርዱ፣ ሁለተኛው ርዝመቱ ነው። ጽሑፉ ጠፍቶ ከሆነ አሮጌውን ራሱን ይዘው ይሂዱ። ባለ 4 መስመሩን በባለ 3 መተካት አይቻልም፤ በርዝመት ከ10 ሚሊ ሜትር በላይ ቢለያይም ማስተካከያው ላይበቃ ይችላል።

አወጣጠሩ እንዲህ ነው። የፓምፑን ማጠፊያ ብሎንና የማስተካከያውን ብሎን ያላሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ባለ 12 ወይም ባለ 14 ቁልፍ ይበቃል። ማስተካከያ ዊንጥ የሌለው ከሆነ ፓምፑ በብረት እየተገፋ ነው የሚወጠረው። ብረቱ ማረፍ ያለበት ወፍራሙ ማቀፊያ ላይ ነው፤ የዘይት ቋቱን (ማጠራቀሚያውን)፣ የግፊት ቱቦውን ወይም የአሉሚኒየሙን አካል ተደግፎ የሚገፋ ሰው ካዩ ያስቁሙት። ከዚያ በሁለቱ ፑሌጃዎች መካከል ረጅሙ ቦታ ላይ፣ መሀሉን፣ በአውራ ጣት 10 ኪሎ ያህል ኃይል ይጫኑ። ከ8 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ከገባ ልክ ነው፤ ለአዲስ ቺንጋ ወደ 8ቱ ያስጠጉት። አዲስ ቺንጋ በሚሠራ ሞተር ላይ 5 ደቂቃ ከዞረ በኋላ እንደ አሮጌ ነው የሚቆጠረው፤ ስለዚህ ገጥመው፣ ሞተሩን 5 ደቂቃ አሠርተው፣ አጥፍተው እንደገና ይለኩ። ይህ ሁለተኛው ልኬት ሳይደረግ መኪና ተረክቦ መውጣት የተለመደ ነው፤ ከሳምንት በኋላ የሚመለሰው ፉጨትም ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል።

አዲስ ቺንጋ ተገጥሞ፣ ልኩን ተወጥሮ፣ አሁንም ድምፅ ካለ፣ ባለ መስመር ቺንጋ ከሆነ የውሃ ሙከራ ያድርጉ። ሞተሩ በሚኒሞ (የነዳጅ ፔዳል ሳይረገጥ) እየሠራ፣ እጅዎን አርቀው፣ በፕላስቲክ መርጫ ጥቂት ውሃ የቺንጋው መስመር ላይ ይርጩ። ጩኸቱ ከጨመረ እየተንሸራተተ ነው። ለአፍታ ጠፍቶ ከተመለሰ ግን ፑሌጃዎቹ ቀጥ ብለው አልተሰለፉም፤ ያኔ ድምፁም ፉጨት ሳይሆን እንደ ወፍ ጭው ጭው የሚል፣ ሞተሩ ሲፈጥን አብሮ የሚፈጥን ነው። ቀጥ ያለ ብረት በሁለቱ ፑሌጃዎች ፊት ላይ አስደግፈው ይዩ። በ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ከ1 ሚሊ ሜትር ተኩል በላይ ከወጣ ወይም ከገባ ማቀፊያው ጎብጧል፣ አለዚያም የሌላ መኪና ፑሌጃ ተገጥሞልዎታል።

አንድ ቦታ ደግሞ ማንም አያየውም፦ ታችኛው ትልቁ የክራንክ ፑሌጃ። በብዙ መኪኖች ይህ ፑሌጃ አንድ ብረት አይደለም፤ የመሀሉንና የዙሪያውን ብረት የሚያያይዘው ጎማ ነው። በጠመኔ ከመሀሉ አንስቶ ጎማውን አቋርጦ እስከ ዳሩ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ያስምሩ። ሁለት ሦስት ቀን ነድተው ይመልከቱ። መስመሩ ጎማው ላይ ተቆርጦ ዳሩ ያለው ክፍል ወደ ጎን ከሄደ ጎማው ለቋል፤ ቺንጋው ምንም ቢያዝ ፑሌጃው ራሱ ውስጥ ለውስጥ ይንሸራተታል።

በመጨረሻም የተደጋገመው መወጠር ጉዳት አድርሶ እንደሆነ ያረጋግጡ። ቺንጋውን አውልቀው የመሪ ፓምፑን፣ የዲናሞውን (ባትሪ የሚሞላው) እና የውሃ ፓምፑን ፑሌጃዎች አንድ በአንድ በእጅ ያዙሩ፣ ወደ ላይና ወደ ታችም ያወዛውዙ። አሸዋ እንደገባበት የሚሻክር ወይም የሚወዛወዝ ካለ ኩሽኔታው (ዘንጉ የሚዞርበት ቀለበት) ሄዷል። ሶማሌ ተራ የሚያስኬድዎ ይህ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ለቪትዝ የመሪ ዘይት ማጠራቀሚያው የት ነው? ኮፈኑን ከፍቼ ብፈልግ አጣሁት፤ መሪው ግን አንዳንዴ ይደርቅብኛል። አራት ኪሎ ነው የምኖረው።

መልስ፦ የለውም። የቪትዝ መሪ የሚታገዘው በኤሌክትሪክ ሞተር ነው፤ ዘይትም፣ ፓምፕም፣ የመሪ ቺንጋም የለውም። መሪው ሲደርቅ ዳሽቦርዱ ላይ የመሪ መብራት ይበራ እንደሆነ ይዩ። ከዚያ ባትሪና ዲናሞ ያስለኩ፦ ሞተሩ እየሠራ ቴስተር ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ካላሳየ የመሪው ሞተር በቂ ኃይል አያገኝም። እዚህ ላይ ግን ቺንጋ እንደገና ይመጣል፤ የዲናሞው ቺንጋ ከላላ መሪው ይጎዳል። የባትሪው ራስ ላይ ያለውን ነጭ ዝገትና የሻሲውን ሽቦ ማጽዳት አይርሱ።

ጥያቄ፦ የመሪ ዘይት በየሁለት ሳምንቱ እጨምራለሁ። መሬት ላይ ጠብታ የለም፣ ቱቦዎቹ ደረቅ ናቸው። ዘይቱ የት ነው የሚሄደው? ጎረቤቶቼ ጠዋት ጠዋት ነጭ ጭስ ትለቃለች እያሉ ያማርራሉ። የድሮ ባለ ቤንዚን ቶዮታ ናት፤ ካሳንቺስ ነው የማድረው።

መልስ፦ ጎረቤቶችዎ መልሱን ነግረውዎታል፤ ሞተሩ እየጠጣው ነው። በብዙ የዚያ ዘመን ባለ ቤንዚን ቶዮታዎች የመሪ ፓምፑ ላይ አውራ ጣት የምታህል ቫልቭ አለች፤ ሁለት ቀጭን የጎማ ቱቦዎች ከእርሷ ወደ ሞተሩ አየር ማስገቢያ ይሄዳሉ። ሥራዋ መሪው ሲጠመዘዝ ጥቂት አየር አሳልፋ ሚኒሞውን ከፍ ማድረግ ነው፤ ሞተሩ በፓምፑ ጭነት እንዳይጠፋ። ውስጧ ያለው ማኅተም ሲያልቅ የሞተሩ ቫኪዩም (የመሳብ ኃይል) ዘይቱን ከፓምፑ ስቦ ወደ ሲሊንደር ይወስደዋል።

ለማረጋገጥ ሁለቱንም ቀጫጭን ቱቦዎች ከቫልቯ ላይ ይንቀሏቸው። አየር ብቻ የሚያልፍባቸው ስለሆኑ ውስጣቸው ደረቅ መሆን አለበት። ቀይ ወይም ቡናማ ዘይት ካገኙ ፍለጋው አልቋል። ቫልቯ ለብቻዋ ትፈታለች፣ ትቀየራለች። እስኪገኝ ድረስ ሁለቱንም ቱቦዎች በሞተሩ በኩል በልካቸው ብሎን ደፍነው፣ በፋሻታ (የቱቦ ማጥበቂያ ቀለበት) አጥብቀው መንዳት ይችላሉ፤ ያኔ ሚኒሞው መሪ ሲጠመዘዝ ትንሽ ይወርዳል፣ ሌላ ጉዳት የለውም። አንዱን ብቻ ደፍኖ መተው ግን ሞተሩ ያልታሰበ አየር እንዲስብ ያደርጋል። ፓምፑ ደህና ከሆነ አይነካ።

ጥያቄ፦ መሪዬ ጠዋት ወደ ግራ ብቻ ይከብዳል፤ ወደ ቀኝ ላባ ነው። ከሜክሲኮ እስከ ለገሃር ስነዳ ይሻለዋል። ፓምፕ ልቀይር?

መልስ፦ ፓምፕ ግራና ቀኝ አያውቅም፤ ቺንጋም እንዲሁ። በአንድ በኩል ብቻ የሚከብድ፣ ሲሞቅ የሚሻለው መሪ ችግሩ ያለው ዘይቱን ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ የሚያከፋፍለው የመሪ ማሽን ውስጥ ነው፤ የቫልቩ ቀለበቶች አልቀው ወይም የተቀመጡበትን ብረት በልተውት ነው። ማሽኑን ከማስፈታትዎ በፊት ግን ነፃ የሆነውን ያድርጉ። የሁለቱን የፊት ጎማዎች ነፋስ በአንድ ልክ ያስሞሉ። ከዚያ ሁለቱንም የፊት ጎማዎች ከመሬት ያንሱ (በክሪክ ብቻ አይተማመኑ፣ ጠንካራ ማቆሚያ ያስገቡ)፤ ሞተሩን አጥፍተው መሪውን ከጥግ እስከ ጥግ ያዙሩ። እዚህም አንድ ቦታ ላይ ከያዘ የደረቀ መገጣጠሚያ ወይም የመሪ አምዱ ክሮቼራ (ዘንጎቹን የሚያገናኘው መስቀል) ነው፤ የዘይት ጉዳይ አይደለም።

መክበዱን በቁጥር ማወቅ ለሚፈልግ፣ የገበያ መንጠልጠያ ሚዛን ይበቃል። መኪናው ደረቅ አስፋልት ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ፣ ሚዛኑን የመሪው ክብ ላይ አንጠልጥለው ይጎትቱ። በሁለቱም አቅጣጫ ከ4 ኪሎ ብዙ ከዘለለ መጠርጠር ይጀመራል።

ጥያቄ፦ አንድ አዋቂ ነኝ ባይ ልጅ የመሪ ዘይት ጎደለ ብሎ ፍሬን ዘይት ጨመረበት። ግማሽ ጠርሙስ ያህል ነው። ይጎዳል? ትክክለኛው ዘይትስ የቱ ነው?

መልስ፦ ይጎዳል፣ ዛሬውኑ ሞተሩን ሳያስነሱ ያስወጡት። የመሪው የጎማ ማኅተሞች ለማዕድን ዘይት የተሠሩ ናቸው፤ ፍሬን ዘይት ያሳብጣቸዋል፣ ያለሰልሳቸዋል። ለአብዛኞቹ አሮጌ ቶዮታዎች ትክክለኛው ቀዩ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት፣ ዴክስሮን 2 ወይም 3 የሚባለው ነው። ሆንዳ የራሱ የመሪ ዘይት አለው። የቋቱ ክዳን ላይ የተጻፈውን ማንበብ ከሁሉ ይቀድማል።

አስተጣጠቡ ሁለት ሰው ይፈልጋል፣ 3 ሊትር ዘይትም ይግዙ፤ መሪው ውስጥ ያለው ከ1 ሊትር አይበልጥም፣ የቀረው ለማጠቢያ ነው። ቋቱ ውስጥ ያለውን በሲሪንጅ ይምጠጡ። ወፍራሙ ወደ ፓምፑ የሚወርደው መሳቢያ ነው፤ ቀጭኑ መመለሻ ቱቦ ነው። መመለሻውን ከቋቱ አውልቀው ጫፉን ባዶ የውሃ ጠርሙስ ውስጥ ይክተቱ፣ የቋቱን ቀዳዳ ይድፈኑ። የፊት ጎማዎቹ ተነስተው፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ አንዱ መሪውን ቀስ ብሎ ከጥግ እስከ ጥግ ያዞራል፤ ሌላው ቋቱ ባዶ እንዳይሆን ይሞላል። ንጹሕ ቀይ ዘይት እስኪወጣ ይቀጥሉ። ገጥመው፣ ጥቂት ደቂቃ በሚኒሞ አሠርተው፣ አንድ ጊዜ እንደገና ይድገሙት። ከዚያ ለአንድ ወር ኦይል ሲሎቹን ይከታተሉ፤ ማላብ ከጀመሩ ጉዳቱ ቀድሞ ደርሷል።

ማጥለያውንና ሲሪንጁን ለፍሬን እንዳይጠቀሙባቸው። የተገላቢጦሹ ስሕተት የባሰ ነው፤ ጥቂት የመሪ ዘይት ፍሬን ውስጥ ከገባ የፍሬኑን የጎማ ማኅተሞች ሁሉ ያበላሻል።

ዘይቱ ተቀይሮ፣ ወይም ያገለገለ ፓምፕ ገጥማችሁ፣ «ዉዉዉ» የሚል ድምፅ የቀረባችሁ ሌሎች አንባቢዎችም ጽፋችኋል። ይህ አየር ነው። ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ ሲሠራ የቋቱን ዘይት ከፍታ ምልክት ያድርጉ፣ ከዚያ ሞተሩን ያጥፉ። ዘይቱ ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ከፍ ካለ ውስጡ አየር አለ፤ አረፋውም በዓይን ይታያል። ለማስወጣት ጎማዎቹን አንስተው፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ መሪውን በዝግታ ብዙ ጊዜ ከጥግ እስከ ጥግ ያዙሩ፤ ከዚያ አውርደው ሞተሩን በሚኒሞ አስነስተው በእያንዳንዱ ጥግ ከ2 እስከ 3 ሰከንድ ብቻ እየያዙ ይመላለሱ። ከ10 ሰከንድ በላይ ጥግ ላይ መያዝ ፓምፑን ያቃጥላል። አየሩ ከተመለሰ መሳቢያው ቱቦ ላይ ያለችው ፋሻታ ወይም ፓምፑ መግቢያ ላይ ያለችው ኦሪንግ (ክብ የጎማ ማሸጊያ) ናት። በዚህ በኩል ፓምፑ ስለሚስብ ዘይት አይንጠባጠብም፣ አየር ግን ይገባል፤ መሬቱ ደረቅ መሆኑ አያታልላችሁ። በአንዳንድ ቋቶች ታች ያለችው ወንፊትም በቆሻሻ ስትደፈን ፓምፑ ተመሳሳይ ድምፅ ያሰማል።

ያገለገለ ፓምፕ ስትመርጡ የራሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ፑሌጃው በመስመር ብዛት፣ በስፋትና በጥልቀት እኩል ይሁን። ዘንጉን በእጅ አዙሩት፤ ሳይዘል፣ እኩል መቋቋም አለበት፣ ወደ ጎንም መወዛወዝ የለበትም። መውጫውን በጣት ደፍናችሁ ስታዞሩት ጣታችሁን ካልገፋ ተዉት። ከፑሌጃው ጀርባ በቤንዚን የታጠበ ያህል የሚያበራ ፓምፕ ካያችሁ ለምን እንደታጠበ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ሚኒባስ ታክሲ ነው የምሠራው፣ ባለ ናፍጣ ሃይየስ። ሰሞኑን ተክለ ሃይማኖት ጋ ቺንጋው ተበጥሶ ሰው አውርጄ ቆምኩ። እንዲህ ሲሆን እየነዳሁ ጋራዥ መድረስ እችላለሁ?

መልስ፦ የትኛው እንደተበጠሰ ይወስናል። የመሪው ብቻ ከሆነ፣ ለብቻው የሚዞር ቺንጋ ስለሆነ፣ መሪው ይከብዳል እንጂ አይጠፋም፤ ቀስ ብለው አጭር መንገድ ይሄዳሉ። የውሃ ፓምፑና የዲናሞው ቺንጋ ከሆነ ግን እዚያው ያጥፉ። የባትሪው ምልክት መብራቱ ትንሹ ነገር ነው። ውሃ መዞር ያቆማል፤ በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ፣ ግፊት ከሌለበት፣ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው፣ የራዲያተሩ ክዳን የደከመ ከሆነ ደግሞ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ለመቃጠል ደቂቃዎች ናቸው። በእነዚህ ናፍጣ ሞተሮች የፍሬን ማጠናከሪያውን ቫኪዩም የሚሰጠው ትንሽ ፓምፕ ዲናሞው ጀርባ ላይ ነው የተገጠመው። ቺንጋው ሲበጠስ አብሮ ይቆማል፤ የቀረው ቫኪዩም አንድ ሁለት ጊዜ ፍሬን ቢያስይዝ ነው፣ ከዚያ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይሆናል። በቸርችል ጎዳና ቁልቁለት ሰው ጭኖ ይህን መሞከር አይገባም።

ጥንድ ቺንጋ ያለው ከሆነና አንዱ ብቻ ከተበጠሰ፣ ሁለተኛው ጋራዥ ያደርስዎታል። እዚያ ግን ሁለቱም ይቀየሩ፤ አሮጌው ተለጥጧልና አዲሱ ብቻውን ሸክሙን ይሸከማል፣ ፈጥኖም ይሄዳል። ባለ ቪ ቺንጋ የሚይዘው በጎኖቹ ስለሆነ የላይኛው ፊቱ ከፑሌጃው ጠርዝ ጋር እኩል መሆን አለበት። ጠልቆ ገብቶ የፑሌጃው ወለል በመፋተግ ካበራ፣ አዲስ ቺንጋም ያፏጫል፤ ፑሌጃው ነው ያለቀው።

ገና በደህናው የወጣ አሮጌ ቺንጋ ካለዎት አይጣሉት። ሳያጥፉ ጠቅልለው፣ ዘይትና ናፍጣ በማይነካው ፌስታል አድርገው ከወንበር ሥር ያስቀምጡ፤ ማስተካከያውን የሚፈታውን ቁልፍም አብረው እዚያው ይሰሩት።